መዝሀቡ የተለየን ኢማም ተከትሎ መስገድ፦ ሑክሙና አደቡ

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ውርጌሳን፣ መርሳንና ስሪንቃን አልፎ ወልድያ ይደርሳል። በዚህ መስመር ባሉ መስጊዶች ኢቃማ ሲባል ከአንድ ኢማም ጀርባ የሚሰለፉት ሰዎች ፊቅህን ከአንድ ሸይኽ የቀሩ አይደሉም። ከሐብሩ ገጠር ለገበያ የመጣ ገበሬ፣ ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ፣ ከሳዑዲ ዐረቢያ የተመለሰ ወጣትና ዕድሜውን በኪታብ ላይ ያሳለፈ ሽማግሌ ትከሻ ለትከሻ ይገጥማሉ። ከተክቢራው በኋላ አንዱ እጁን ከእምብርቱ በታች፣ ሌላው ከደረቱ በታች፣ ሦስተኛው በደረቱ ላይ ያሳርፋል። ፋቲሓ ሲያልቅ የአንዱ «ኣሚን» ይሰማል፣ የሌላው አይሰማም።

ይህ ልዩነት ዐይን የሚስበውን ያህል ከባድ አይደለም። የሚከብደው ተከትሎት የሚመጣው ነው። ኢማሙ በሱብሒ ቁኑት አደረገ ወይም ተወ ብሎ ሶላቱን ለብቻው የሚደግም ሰው አለ፤ ይባስ ብሎም ጀመዓው እስኪያበቃ በረንዳ ላይ ቆይቶ ሌላ ጀመዓ የሚያቆም አለ። እንዲህ የሚያደርገው ሰው ለሶላቱ መጠንቀቁ ነው፤ ጥንቃቄውም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን መዝሀቡ ራሱ ይህን ጥንቃቄ ጠይቆታል ወይ? ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ነው።

በወሎ የሐነፊያና የሻፊዒያ መዝሀቦች ጎን ለጎን ሲቀሩ ኖረዋል። ደረሳው ነህውን ከአንዱ ሸይኽ፣ ፊቅህን ከሌላው፣ ተፍሲርን ከሦስተኛው ለመቅራት ከአገር አገር ይዞር ስለነበር የተለየ መዝሀብ ካለው ሰው ጋር አብሮ መስገድ ለእርሱ የዕለት ተዕለት ነገር ነበር። በየጁ የምትገኘው ዳና ከእነዚህ የዕውቀት መናኸሪያዎች አንዷ ስትሆን፣ «ዳንዩል አወል» ተብለው የሚታወቁት ሐጂ አህመድ ኢብኑ ኣደም በ1903 እ.ኤ.አ. ወደ አኼራ እስኪሄዱ ድረስ ያስተማሩባት ስፍራ ናት። የታሪክ ምሁሩ ሑሴን አህመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ ባተኮረው መጽሐፋቸው ስለ ዳናና ስለ መሰል ማዕከላት ጽፈዋል። ስለዚህ ከሳዑዲ የተመለሰው ወጣት ይዞት የመጣው ጥያቄ አዲስ ቢመስልም መልሱ አያቶቹ በቀሩት ኪታብ ውስጥ አለ።

በመጀመሪያ የሶላትን ትክክለኛነት ፈጽሞ የማይነኩትን እናስወግድ። የእጅ አቀማመጥ፣ ለሩኩዕ ሲወርዱና ከሩኩዕ ሲነሱ እጅን ማንሳት ወይም መተው፣ ኣሚንን ማሰማት ወይም ዝቅ ማድረግ በሁሉም መዝሀብ የሱና ጉዳዮች እንጂ ሩክኖች አይደሉም። ሱና የተወ ሰው ሶላቱ አይበላሽም፤ ከእርሱ ኋላ የቆመውም እንደዚሁ። በእነዚህ ነገሮች ላይ ከሶላት በኋላ የሚነሳ ጭቅጭቅ ከፊቅህ የሚያገኘው ድጋፍ የለም።

አስቸጋሪው ክፍል ኢማሙ በተከታዩ መዝሀብ ግዴታ የሆነን ነገር ሲተው ነው። የማሽላ አጨዳ ላይ የዋለ ገበሬ ማጭድ እጁን ቆርጦት ደም ፈሰሰው እንበል። በሻፊዒያ ዉዱኡ አልፈረሰም፤ በሐነፊያ ፈርሷል። በተቃራኒው ደግሞ ሐነፊዩ ሰው የሚስቱን እጅ ቢነካ በመዝሀቡ ዉዱእ አለው፤ በሻፊዒያ የለውም። ከእነዚህ አንዱ ኢማም ሆኖ ሌላው ቢከተለው የሚታየው የማን ኢዕቲቃድ፣ ማለትም ስለ ሑክሙ የያዘው አቋም ነው? የኢማሙ ወይስ የመእሙሙ?

ኢማም አን-ነወዊ (በ676 ዓ.ሂ. ያረፉ) በሚንሃጅ ውስጥ ይህንኑ አንስተዋል። ሻፊዒይ የሆነ ሰው፣ ደም ያስወጣን ሐነፊይ ቢከተል ሶላቱ ትክክል ነው፤ ሐፍረተ ገላውን የነካን ሐነፊይ ቢከተል ግን ትክክል አይደለም ይላሉ፤ ሚዛኑ የተከታዩ አቋም ነውና። አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል፤ ይህ ብይን ተከታዩ ነገሩን በእርግጥ ሲያውቅ ነው። በመዝሀቡ ዘንድ የጸናው አቋም እንደሚለው፣ ኢማሙ ግዴታዎቹን አሟልቷል አላሟላም ብሎ መጠራጠር ሶላትን አይጎዳም፤ ለሙስሊም መልካም ግምት ይሰጣልና። መእሙም ኢማሙን ቤቱ ምን ነካህ ብሎ የመመርመር ግዴታ የለበትም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለው ምርመራ ከአደብ የወጣ ነው። እንግዲህ መዝሀቤ አይፈቅድልኝም ብሎ ወደ በረንዳው የሚወጣው ሰው በጥርጣሬ ብቻ እስከወጣ ድረስ የራሱን መዝሀብ አልተከተለም።

ሌላው አቋም ሚዛኑ የኢማሙ ኢዕቲቃድ ነው የሚለው ነው። ከሻፊዒያ ሊቃውንት አል-ቀፋል፣ ከሐነፊያም አቡ በክር አል-ጀሷስ (በ370 ዓ.ሂ. ያረፉ) ወደዚህ ያዘነብላሉ፤ ኢብኑ ተይሚያም አጥብቀው ይደግፉታል። ማስረጃው ከሰሓባዎች ተግባር ይነሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ አቡ በክርና ዑመር (ረ.ዐ.) ሚና ላይ ባለ አራቱን ሶላት ሁለት ረከዓ አሳጥረው ሰግደዋል። ዑስማን (ረ.ዐ.) ግን በኋላ አራት አድርገው አሰገዱ። ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ይህን ነቀፉ፤ ነቅፈውም ሲያበቁ ከዑስማን ኋላ አራት ሰገዱ። ለምን ተብለው ሲጠየቁ መለያየት ክፉ መሆኑን ተናገሩ። በእኔ ግምገማ ይህ ዘገባ ለሁለተኛው አቋም ያለው ክብደት ቀላል አይደለም፤ ኢብኑ መስዑድ ሐሳባቸውን አልቀየሩም፣ ሶፉንም አልለቀቁም።

ወደ ቁኑት እንመለስ፤ በሱብሒ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነውና። በሻፊዒያ ከሁለተኛው ረከዓ ሩኩዕ በኋላ ቁኑት ሱና ነው፤ ቢቀር በሱጁደ ሰህው ይጠገናል። ሐነፊዩ ኢማም ቁኑት ሳያደርግ ወደ ሱጁድ ሲወርድ ሻፊዒዩ መእሙም ኢማሙን በመጀመሪያው ሱጁድ የሚደርስበት ከሆነ አጭር ቁኑት አድርጎ ይከተላል፤ ካልደረሰበት ትቶ ይወርዳል። ኢማሙ ካሰላመተ በኋላ ሱጁደ ሰህው ያደርጋል። ሶላቱን መድገም የሚባል ነገር የለም።

ኢማሙ ሻፊዒይ፣ ተከታዩ ሐነፊይ ሲሆንስ? አል-መርጊናኒ (በ593 ዓ.ሂ. ያረፉ) በአል-ሂዳያ እንዳስቀመጡት፣ አቡ ሐኒፋና ሙሐመድ ተከታዩ ዝም ይበል ይላሉ፤ አቡ ዩሱፍ ኢማሙን ይከተል ይላሉ። ዝም የሚለው ሰው ቆሞ ይቆያል ወይስ ይቀመጣል በሚለውም መቆሙን ያስቀድማሉ። የሚደንቀው ደራሲው ቀጥለው ያሉት ነው፤ ይህ መስአላ ራሱ ሻፊዒዮችን ተከትሎ መስገድ የተፈቀደ መሆኑን ያመለክታል ይላሉ። ካልተፈቀደማ ሐነፊዩ በቁኑቱ ጊዜ ምን ያድርግ ተብሎ ባልተጠየቀ!

የኢማሙም አደብ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚመከረው ተከታዩ ብቻ ነው። ፋቲሓ በሻፊዒያ በመእሙሙም ላይ ግዴታ ስትሆን በሐነፊያ መእሙሙ ያዳምጣል እንጂ አይቀራም። ከኣሚን በኋላ ኢማሙ ጥቂት ዝም ቢል ሻፊዒዩ ፋቲሓውን ይጨርሳል፤ ሐነፊዩም የሚያጣው የለም። በስሚላህን በተመለከተም ሐነፊዩ ኢማም ዝቅ አድርጎ ቢላት በሻፊዒያ የሚጠበቀው ግዴታ ተሟልቷል፤ ጮክ ማለቱ ሱና ብቻ ነው። በመርሳም ሆነ በወልድያ፣ መንገደኛ በሚበዛበት መስጊድ የሚያሰግድ ኢማም እነዚህን ሁለት ነገሮች ቢጠብቅ በሶፉ ውስጥ ያለው አብዛኛው ጭንቀት ይቃለላል።

መለያየቱ ሥርዓት ሆኖ ሲቆም ምን እንደሚመስል መካ አሳይታለች። በመስጂደል ሐራም ለረጅም ዘመን አራቱ መዝሀቦች የየራሳቸው መቃምና ኢማም ነበራቸው፤ አንዱ መዝሀብ አሰግዶ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥል ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ሐጅ የደረሱ የወሎ ዑለማዎች ያገኙት ይህን ሥርዓት ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁሉም ከአንድ ኢማም ኋላ እንዲሰግድ ተደረገ። ከአራቱም መዝሀቦች ሊቃውንት አራት ጀመዓ ማቆሙን አስቀድመው የነቀፉ ነበሩ፤ ልማዱ የቀጠለው እነርሱ እየነቀፉት ነው።

የቀረው የረመዷን ዊትር ነው። በሐነፊያ ዊትር በአንድ ሰላምታ የሚያበቃ ሦስት ረከዓ ነው። ሻፊዒዩ ኢማም በሁለተኛው አሰላምቶ ሦስተኛውን ለብቻው ቢሰግድ፣ በአብዛኞቹ የሐነፊያ ሊቃውንት ዘንድ ሐነፊዩ ሊከተለው አይችልም፤ አል-ጀሷስ ይችላል ይላሉ። ሻፊዒያ ግን መነጠሉን ያስበልጣል እንጂ ሦስቱን ማያያዝንም ይፈቅዳል። ስለዚህ ከኋላው ሐነፊዮች መኖራቸውን የሚያውቅ ኢማም ሦስቱን በአንድ ሰላምታ ቢያሰግድ የተወው የተሻለውን እንጂ የተፈቀደውን አይደለም፤ ከተራዊሕ በኋላ ሶፉን ጥሎ የሚወጣ ሰውም አይኖርም።