ከክሪስታል ሲቲ እስከ ጅግጅጋ

ግራንድ ፕሬሪ በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል የምትገኝ፣ ከፊሏ በዳላስ ካውንቲ ከፊሏ በታራንት ካውንቲ ያረፈች ከተማ ናት። በታራንት በኩል ያለ ነዋሪ ለምርጫ ሲወጣ የሚቀርብለት ሰነድ ከእንግሊዝኛ ሌላ በስፓኒሽና በቬትናምኛም ተዘጋጅቷል። ይህ የካውንቲው ቸርነት አይደለም። የምርጫ መብት ሕጉ በ1975 ሲሻሻል (ዓመታቱ ካልተጠቀሰ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝኛ በሚገባ የማይችሉ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ከተወሰነ መጠን ሲያልፉ አገልግሎቱን ግዴታ አደረገው። ለማሻሻያው ከተሟገቱት አንዷ የሂውስተኗ የኮንግረስ አባል ባርባራ ጆርዳን ነበሩ። ከሕጉ በስተጀርባ በዚሁ በቴክሳስ የተካሄደ ረጅም ትግል አለ፤ ስለ ቋንቋና ብሔር ስንከራከር ሌኒንንና ስታሊንን ለጠቀስን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ በደጃችን ያለ፣ ያላየነው ምሳሌ ነው።

በኅዳር 1962 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ ያነሣበትን ጽሑፍ አወጣ። ያው ወር ሳያልቅ በደቡብ ቴክሳስ፣ በክሪስታል ሲቲ፣ ተማሪዎች ትምህርት አቁመው ወጡ። በ1918 የወጣ ሕግ በቴክሳስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከእንግሊዝኛ ውጪ ማስተማርን ወንጀል አድርጎ ለሃምሳ ዓመት ኖሯል። በክሪስታል ሲቲ አብዛኛው ተማሪ የሜክሲኮ ዘር ያለው ቢሆንም ስፓኒሽ መናገር ያስቀጣ ነበር፤ በኳስ ሜዳ ጭፈራ የሚመሩት ልጃገረዶች እንኳ በኮታ የሚመረጡት ነጮቹ እንዲበዙ ተደርጎ ነው። ተማሪዎቹ አሸነፉ። በጃንዋሪ 1970 ሆሴ አንሄል ጉቲየሬዝና ጓደኞቹ ላ ራዛ ኡኒዳ የተባለውን ፓርቲ መሠረቱ፤ በዚያው ጸደይ በትምህርት ቤቱ ቦርድ ወንበር ያዙ። ቴክሳስ በ1973 የሁለት ቋንቋ ትምህርትን በሕግ ደነገገች። ጉቲየሬዝ ራሱ ከግራንድ ፕሬሪ አጠገብ ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አርሊንግተን በ1994 የሜክሲኮ አሜሪካውያን ጥናት ማዕከል አቋቋመ።

የሜክሲኮ አሜሪካውያኑ ንቅናቄ ሌላም ሕልም ነበረው። በ1969 በዴንቨር የተሰበሰቡ ወጣቶች አሜሪካ በ1848 ከሜክሲኮ የወሰደችውን ደቡብ ምዕራብ አዝትላን ብለው የሕዝባቸው አገር አድርገው አወጁት። ፓርቲው በ1972 ለቴክሳስ ገዥነት ባቀረበው ዕጩ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ድምፅ ቢያገኝም ከ1978 በኋላ ከምርጫ መድረክ ወጣ። ለመውደቁ የራሱ ጠብም የአሜሪካ የምርጫ ሥርዓትም ምክንያት ናቸው። የቀረውን ስንመለከት ግን የሁለት ቋንቋው ትምህርትና የምርጫው ሰነድ ጸንተዋል፤ አዝትላን በግድግዳ ሥዕልና በግጥም ተወስኗል። እኔ የምለውም ይኸው ነው፦ የቋንቋ ንቅናቄ የሚጸናው ሌላው ሰው ሳያጣ ሊገኝ የሚችለውን ሲጠይቅ ነው፤ ቋንቋውን የመሬት ወሰን ማስመሪያ ሲያደርገው ግን ያገኘውንም አሳልፎ ይሰጣል።

ለዚህ ከሶማሊያ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በባንዲራዋ ላይ ያለው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሶማሊኛ የሚነገርባቸውን አምስት ግዛቶች ይቆጥራል፤ ኦጋዴን አንዱ ነው። መቃዲሾ በ1972 ለቋንቋው የላቲን ፊደል አጸደቀች፤ በ1974 ተማሪዎችን ወደ አርብቶ አደሩ ልካ ማንበብ አስተማረች። ያ በአፍሪካ የሚደነቅ ሥራ ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ ጦሯ ኦጋዴን ገባ፣ በሴፕቴምበር 1977 ጅግጅጋን ያዘ፣ በማርች 1978 ተሸንፎ ወጣ። የዚያድ ባሬ መንግሥት ከዚያ ሽንፈት አላገገመም፤ በ1991 ፈረሰ። አንድ ቋንቋ፣ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ፊደል ያለው ሕዝብ በጎሣ ተከፋፍሎ ተዋጋ። ጦሩ ስድስት ወር እንኳ ያልቆየባት ጅግጅጋ ግን ዛሬ ልጆቿን የምታስተምረው በዚያው ፊደል ነው፤ የኢትዮጵያ ከተማ እንደሆነች።

«ቴክሳስ ሌላ፣ ኢትዮጵያ ሌላ፤ እዚያ ስደተኛ ነው፣ እዚህ ሁሉም በርስቱ ላይ ነው» የሚል ይኖራል። በደቡብ ቴክሳስ ከ1848 በፊት ጀምሮ የኖሩት ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ስደተኛ መባላቸውን አይቀበሉም፤ ወሰኑ እንጂ እነሱ አልተሻገሩም። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ሙግት ነው፦ ሥልጣንና በጀት የሌለው የቋንቋ መብት ምጽዋት ነው ይላል። እውነት አለው። በ1963 የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ትምህርት ቤትና ክሊኒክ መሥራት ፈልጎ ተነሣ፤ በ1967 ታገደ፤ ልመና ብቻውን አላደረሰም። የኦሮምኛው የላቲን ፊደል ቁቤ በኖቬምበር 1991 ሲጸድቅ ወደ ክፍል የገባው የመንግሥት ክንድ ስለነበረው ነው። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ቋንቋዎችን ሁሉ በእኩል እውቅና ማየቱንም ማንም በቅን ልብ ሊነቅፈው አይችልም።

ነገር ግን ያው ሰነድ በአንቀጽ 46 ቋንቋን ከክልል መዋቀሪያ መስፈርቶች አንዱ አደረገው፤ ጣጣው የመጣው በዚህ በኩል ነው። ኦሮሚያና ሶማሌ ክልል በ2004 በመቶዎች በሚቆጠሩ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ቢያደርጉም በ2017 በወሰኑ አካባቢ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ተፈናቀለ። በሁለቱም ክልል ያለው ልጅ አፉን በፈታበት ቋንቋ ይማር ነበር፤ ያ ግን ቤቱን አላዳነለትም። ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት መንደር የሚኖረውን ሰው በአንዱ ወገን ቁጠረው ሲባል፣ ቋንቋው ከመብትነት ወደ ምስክርነት ይለወጣል። ወልቃይትንና ራያን ለሚያውቅ ይህ እንግዳ አይደለም። በጀትና ሥልጣን ለትምህርት ቤት፣ ለፍርድ ቤትና ለቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሊሰጥ ይችላል፤ የመሬት ባለቤትነትን ከቋንቋ ጋር ማሰር የግድ አልነበረም።

በዳላስ ዙሪያ ያሉ ኢትዮጵያውያን ስለ አገር ቤት ወሰን በስብሰባም በማኅበራዊ ሚዲያም ብዙ ይላሉ። እዚሁ ግን ሊጠይቁት የሚችሉት መብት አለ፤ የ1973ቱ የቴክሳስ ሕግ ስፓኒሽ ብቻ አይልም፤ በአንድ የትምህርት ዲስትሪክት፣ በአንድ የክፍል ደረጃ፣ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑ፣ እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ ያሉ ሃያ ልጆች ከተገኙ ዲስትሪክቱ በአንደኛ ደረጃ የሁለት ቋንቋ ትምህርት የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቋንቋው አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ቢሆን ለውጥ የለውም። ቆጠራው የሚጀምረው ልጅ ሲመዘገብ ወላጅ ከሚሞላው የቤት ቋንቋ መጠይቅ ነው፤ እዚያ ላይ እንግሊዝኛ ብቻ ብሎ የሞላ ወላጅ ልጁን ከቆጠራው አውጥቶታል።