የግንበኛው ሽርጥ፣ የተማሪው ደበሎ

ልደታ ላይ አሮጌዎቹ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየሞቹ ሲቆሙ ከግንበኞች እጅ የማይጠፉ ሦስት መሣሪያዎች ነበሩ፤ ቱንቢ፣ ውሃ ልክና ስኳድራ። ቱንቢው ግድግዳው እንዳይዘም፣ ውሃ ልኩ ወለሉ እንዳያዘነብል፣ ስኳድራው ማዕዘኑ እንዳይጣመም ይጠብቃሉ። እነዚሁ መሣሪያዎች ሲሚንቶ ነክተው በማያውቁ ሐኪሞች፣ ነጋዴዎችና ዳኞች እጅ ገብተው የሥነ ምግባር ማስተማሪያ የሆኑበት ማኅበር አለ። ፍሪሜሰን ይባላል።

ስሙ ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ ኢሉሚናቲና ወደ ሰይጣን ይዞራል። ኢሉሚናቲ ግን በ1776 እ.ኤ.አ. በጀርመን ባቫሪያ ተቋቁሞ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው የታገደ ሌላ ቡድን ነው። ፍሪሜሰን ይቀድመዋል፤ ሎጅ ከሚባሉት የአባላት ጉባኤዎች አራቱ ለንደን ላይ ተሰባስበው ታላቁን ሎጅ መሠረቱ የሚባለው በ1717 ነው። ምስጢሩም ቢሆን ያን ያህል አልተደበቀም። ሳሙኤል ፕሪቻርድ የሚባል ሰው በ1730 ሥርዓቱን በመጽሐፍ አሳትሞ ለገበያ አውጥቶታል።

መሠረታዊ ማዕረጎቹ ሦስት ናቸው፤ ጀማሪ፣ ባለሙያና ሊቅ ብንላቸው ያስኬዳል። ጀማሪው ዓይኑ ተሸፍኖ፣ የሱሪው አንድ እግር ተጠቅልሎ፣ ገንዘብና ብረት ነክ ነገር ሁሉ ተወስዶበት ይገባል። ከዚያም በብዙ ሎጆች መዋጮ እንዲሰጥ ይጠየቃል። ኪሱን ቢዳብስ ባዶ ነው፤ ያፍራል። ትምህርቱ ያ ማፈር ነው። ነገ የቸገረው ሰው እጁን ሲዘረጋለት፣ እሱም በሰው ፊት ባዶ እጁን የቆመበት ቀን ትዝ እንዲለው ነው። በዚያው ምሽት ነጭ የበግ ሌጦ ሽርጥ ያስታጥቁታል፤ ባለ 24 ኢንች ማስመሪያም ያሳዩትና ሃያ አራቱን ሰዓት ለአምላክና ለተቸገረ ሰው፣ ለእንጀራው፣ ለዕረፍቱ እንዲያካፍል ይነግሩታል።

በሁለተኛው ማዕረግ የልደታዎቹ መሣሪያዎች ይመጣሉ። ስኳድራው የቀና ምግባርን፣ ውሃ ልኩ የሰዎችን እኩልነት፣ ቱንቢው ሳይዘሙ መኖርን ያስተምራሉ። እውነቱን ለመናገር ይህን ለመገመት ማኅበርተኛ መሆን አያስፈልግም።

ሦስተኛው ግን ቴአትር ነው። መጽሐፈ ነገሥት ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ የናሱን ሥራ የሠራውን የጢሮሱን ኪራም ያነሣል። ሜሰኖቹ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሌለ ታሪክ ጨመሩበት፦ ሦስት ሠራተኞች የሊቅነቱን ምስጢራዊ ቃል ካልሰጠኸን ብለው መንገድ ይዘጉበታል፤ እምቢ ሲል ይገድሉታል። ማዕረጉን የሚቀበለው ሰው ራሱ ኪራምን ሆኖ ይወድቃል፣ ከወደቀበትም ያነሡታል። አደራ ከነፍስ ይበልጣል ነው ነገሩ። ሰሎሞንን በንግሥተ ሳባና በቀዳማዊ ምኒልክ በኩል ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፣ ያው ንጉሥ በሌላ ቤት እንግዳ ሆኖ ማግኘቱ ይደንቃል።

ከእነዚህ ማኅበርተኞች አንዱ እኛ አገር መጥቷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የኤድንብራው ካኖንጌት ኪልዊኒንግ ሎጅ አባል ነበር። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገባ፣ ግሽ ዓባይን አየ፣ ሲመለስም የግዕዙን መጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ወደ አውሮፓ ወሰደ። የደረሰባት ጎንደር የራሷ የማዕረግ ትምህርት ነበራት።

የአብነት ተማሪ ከፊደልና ከንባብ ወደ ዳዊት፣ ከዜማ ወደ ቅኔ፣ ከቅኔ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ይወጣል። ቅኔ ቤት ደግሞ በውስጡ ሌላ መሰላል አለው፤ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይኬዳል። ምግባሩን የሚያስተምረው ግን በአብዛኛው ኑሮው ነው። ተማሪው ከወላጆቹ ርቆ፣ እንደ ሜሰኑ የበግ ሌጦ ቢለብስም ለጌጥ ሳይሆን ለብርድ ደበሎውን ደርቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። ቁራሽ የሚሰጠው አለ፤ ውሻ የሚለቅበትም አለ። ያገኘውን ይዞ ጎጆው ሲገባ መውጣት ላልቻለው በሽተኛ ጓደኛው ያካፍላል። ሎጁ በአንድ ምሽት በምሳሌ የሚያሳየውን ባዶ እጅነት ቆሎ ተማሪ ለዓመታት በሆዱ ይማረዋል።

ሌላም ልዩነት አለ። በሎጁ የሊቅነት ቃል የሚተላለፈው በሹክሹክታ ነው። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ለየኔታ የሚነግረው ጓደኞቹ እየሰሙ ነው፤ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ወይም ሰዋስዉ ከተዛባ እዚያው ይታረማል፣ ይሳቅበታልም።

ሴቶችን በተመለከተ ሁለቱም ቤቶች በራቸው ጠባብ ነበር። ጄምስ አንደርሰን በ1723 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሜሰኖች ደንብ ሴት አባል እንዳትሆን በግልጽ ይከለክላል። የአብነት ትምህርት ቤቱም የወንዶች ሆኖ ቢኖርም ጎጃም ላይ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው፣ በአባታቸው ወንበር ተቀምጠው ወንዶቹን ተማሪዎች ቅኔ አስተምረዋል።