ከቆጠራ ቅጽ የወጣ ስም

በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ «ቅማንት ነኝ» ብሎ የተመዘገበው ሰው 172,327 ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ ግን በብሔረሰቦች ዝርዝር ውስጥ ቅማንት የሚል መደብ አልነበረም። የጭልጋ፣ የላይ አርማጭሆና የመተማ ቅማንት ወይ «ሌላ» ተባለ፣ ወይ በአማራነት ተጻፈ። ሕዝቡ በአሥራ ሁለት ዓመት አልጠፋም፤ የጠፋው ስሙ የሚሰፍርበት መስመር ነው።

ቅማንት ከአገው ወገን ነው፤ ቋንቋው ቅማንትኛ፣ የጥንት እምነቱ ሕገ ልቦና፣ የሃይማኖት መሪው ወምበር ይባላል። የጎንደር ከተማ ማገዶ ለረዥም ዘመን በቅማንት ሴቶች ጀርባ ይገባ ነበር። ማገዶውን የሚገዛው ከተሜ ግን ሸክማቸውን መስደቢያ አደረገው፤ «ከእንጨት የተወለዱ» እስከ ማለት ደረሰ። እንዲህ ያለ ስድብ ገበያ ላይ አይቀርም፣ ቤት ድረስ ይገባል። እናት ልጇ መሣቂያ እንዳይሆንባት በአማርኛ አፉን ታስፈታዋለች። በ1987ቱ ቆጠራ አፋቸውን በቅማንትኛ የፈቱት 1,625 ሰዎች ብቻ መሆናቸው ከዚህም የመጣ ነው።

የቅማንት የራስ አስተዳደር ጥያቄ ሲነሣ ይኸው ጉዳት ተመልሶ መከራከሪያ ሆነ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 39 ብሔረሰብን ሲተረጉም ከመመዘኛዎቹ አንዱ የጋራ መግባቢያ ቋንቋ ነው። ተሰድቦ ቋንቋውን የተወው ሕዝብ «ቋንቋህ የታለ?» ተባለ። የአማራ ክልል ምክር ቤት ጥያቄውን መጀመሪያ ሳይቀበል ቆይቶ፣ በ2007 ዓ.ም. በ42 ቀበሌዎች የራስ አስተዳደር እንዲቋቋም ወሰነ። መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ በስምንት ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ሰባቱ ከራስ አስተዳደሩ ይልቅ በነበሩበት አስተዳደር መቀጠልን መረጡ።

ከዚያ በኋላ ክርክሩን ጠመንጃ ወሰደው። በአይከልና በመተማ አካባቢ የቅማንትም የአማራም ቤተሰብ ሞተ፣ ተፈናቀለ፤ በ2013 ዓ.ም. ሺዎች ድንበር ተሻግረው ሱዳን ገቡ። ተኩሱ የታጠቁ ቡድኖች ሆኖ ሳለ ስሙ የሕዝቡ ሆነ፤ ቅማንት ሁሉ ታጣቂ፣ አማራ ጎረቤቱ ሁሉ ጨቋኝ ተደርጎ ተነገረ። ይህ አነጋገር በቆላው ይበልጥ ይከፋል። አብርሃ ጅራና መተማ በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከየአቅጣጫው በሚወርድ የቀን ሠራተኛ ይሞላሉ። ማሳ ላይ ጎን ለጎን የሚያጭዱት ሰዎች ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም፤ በመካከላቸው ለወገን የወጣው ስም ከሰውየው ጠባይ ቀድሞ ይደርሳል።

ተደጋግሞ የተራዘመው አራተኛው ቆጠራ ሲመጣ ቅጹ ለቅማንት መስመር ሊኖረው ይገባል። ከቅማንት ተወልዶ «አማራ ነኝ» የሚለውም እንዳለው ይጻፍለት። ባለሥልጣንና ጋዜጠኛም ስለ ግጭት ሲናገሩ የብሔረሰቡን ትተው የአድራጊውን ስም ይጥሩ። ወንጀል የሠራ በስሙ ይከሰስ፤ ሕዝብም በራሱ አንደበት ይቆጠር።