ተጨማሪ መረጃ፦ 45 ወይስ 9 መስመሮች?

ተማሪዎች፣ ከቢታ ገነት ጅማ ስትሄዱ ቦንጋ መናኸሪያ ወርዳችሁ መኪና ቀይራችሁ ታውቃላችሁ? የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከዱባዩ ኤምሬትስና ከኢስታንቡሉ ተርኪሽ ጋር የሚወዳደረው በዚሁ ዘዴ ነው። መንገደኞች ከየአቅጣጫው ተሰብስበው አውሮፕላን የሚቀይሩበት አየር ማረፊያ የበረራ ማዕከል ይባላል፤ የእኛው ቦሌ ነው። 10 ከተሞችን እርስ በርስ በቀጥታ ለማገናኘት 45 መስመሮች ያስፈልጋሉ፤ አንዷ ማዕከል ከሆነች ግን 9 ይበቃሉ።

ቦሌ አንድ ችግር አለበት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ሩቅ የሚሄድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች ነዳጅ ለመቅዳት መንገድ ላይ ያርፋሉ። አየር መንገዱ ታዲያ በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. መብረር ከጀመረው አስካይ አየር መንገድ ጋር ሁለተኛ ማዕከል አቋቋመ፤ እግረ መንገዱንም የምዕራብ አፍሪካ መንገደኞችን ይጭናል። በእርግጥም ብልህ ውሳኔ ነው!

ሞክሩ፦ ቦንጋ መናኸሪያ ከየትኞቹ ወረዳዎች መኪና እንደሚገባ ጠይቁና መስመሮቹን ደብተራችሁ ላይ ሳሉ። መናኸሪያው ለአንድ ቀን ቢዘጋ የትኞቹ ከተሞች ይቆራረጣሉ?