ግሌንዳ ጃክሰን፦ የግንበኛው ልጅ በመድረክና በምክር ቤት

የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ ስትጽፉ የተወለደበትን ቀን፣ የተማረበትን ትምህርት ቤትና የተቀበለውን ሽልማት ብቻ ብትደረድሩ ጽሑፋችሁ መዝገብ ይሆናል እንጂ ታሪክ አይሆንም። ታሪክ እንዲሆን ከተፈለገ በባለታሪኩ ዘመን ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፈውን አንድ ፈትል ፈልጋችሁ ማግኘት አለባችሁ። ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ የእንግሊዛዊቷን የመድረክና የፊልም ተዋናይት የግሌንዳ ጃክሰንን ሕይወትና ሥራ ይገልጻል። ስታነቡ አንድ ጥያቄ በልቡናችሁ ያዙ። ይህች ሴት ስሟ በዓለም ከታወቀ በኋላ ሙያዋን ትታ የሄደችው፣ ሰማንያ ዓመት ሲሞላትም ተመልሳ የመጣችው ስለምንድን ነው? በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ልጅነትና ትምህርት

ግሌንዳ ጃክሰን ሜይ 9 ቀን 1936 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከሊቨርፑል ከተማ በወንዝ ማዶ በምትገኘው በበርክንሄድ ተወለደች። አባቷ ግንበኛ ነበሩ። እናቷም በሱቅ ሻጭነትና በሰው ቤት ጽዳት እየሠሩ ቤተሰቡን ይደጉሙ ነበር። ግሌንዳ ከአራት እኅትማማቾች የመጀመሪያዋ ናት።

ከትምህርት ቤት እንደወጣች በአንድ የመድኃኒት መደብር ተቀጥራ ሁለት ዓመት ያህል ሠራች። ሥራው ይሰለቻት ነበር። በትርፍ ጊዜዋ ግን ተውኔት ከሚያሳዩ አማተር ተዋንያን ጋር መጫወት ጀመረች፤ ተሰጥኦዋም በዚህ ታወቀ። በለንደን ወደሚገኘው የንጉሣዊ ድራማ ጥበብ አካዳሚ ለመግባት አመልክታ የነጻ ትምህርት ዕድል ስላገኘች፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ዋናው ከተማ አመራች።

ትምህርቷን ስትጨርስ የተሰጣት ስንብት ግን የሚያበረታታ አልነበረም። ኋላ እንዳወሳችው፣ የአካዳሚው ኃላፊ የመልከ መልካም ወጣት ሚና የሚሰጣት ዓይነት ተዋናይት ስላልሆነች፣ አርባ ዓመት እስኪሞላት ድረስ ብዙ ሥራ አገኛለሁ ብላ እንዳትጠብቅ ነገሯት። እንዲህ ያለውን ቃል በሃያ ዓመት ዕድሜ መስማት ምን ያህል እንደሚከብድ ለመገመት አያዳግታችሁም።

2. የመድረክ ልምድ

ግሌንዳ በሙያው ሥራ የጀመረችው በ1957 ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በአብዛኛው ያሳለፈችው ከዋናው ከተማ ውጭ በሚገኙ ትያትር ቤቶች ነበር። የእነዚህን ትያትር ቤቶች አሠራር ማወቅ ይጠቅማችኋል። በአንዲት አነስተኛ ከተማ የሚሠራ የተዋንያን ጓድ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ተውኔት ያቀርባል። ስለዚህ ተዋንያኑ ማታ አንዱን ተውኔት እየተጫወቱ፣ ቀን ቀን የሚቀጥለውን ይለማመዳሉ፤ በተረፈቻቸው ሰዓት ደግሞ ቃለ ተውኔታቸውን ያጠናሉ። በዚህ ሳምንት እመቤት የነበረችው ተዋናይት በሚቀጥለው ሳምንት ገረድ ትሆናለች። ደመወዙ አነስተኛ ነው፤ ወቅቱ ሲያልቅም ሥራው ያልቃል። ግሌንዳም ሥራ አጥታ የቆየችባቸው ጊዜያት ነበሩ። ያም ሆኖ ሙያውን አልተወችም።

ይህ ትዕግሥት ፍሬ ያፈራው በ1964 ነው። ታዋቂው አዘጋጅ ፒተር ብሩክ ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ በተባለው የተውኔት ጓድ ውስጥ ለሚያካሂደው የሙከራ ሥራ መረጣት። በዚያው ዓመት ፔተር ቫይስ በጀርመንኛ የደረሰው፣ በአጭሩ «ማራ/ሳድ» የሚባለው ተውኔት በእንግሊዝኛ ለመድረክ በቃ። ታሪኩ የሚፈጸመው በፈረንሳይ አገር በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ውስጥ ነው። ሕሙማኑ ራሳቸው ተዋንያን ሆነው፣ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ማራ የተባለው መሪ ሻርሎት ኮርዴ በተባለች ሴት እጅ እንዴት እንደተገደለ ያሳያሉ። ግሌንዳ የተሰጣት ሚና ኮርዴን ሆና የምትጫወተው ሕመምተኛ ነው። ሕመምተኛዋ እንቅልፍ የሚጥላት፣ በትካዜ የተዋጠች ሴት ናት።

እንግዲህ የሥራውን ክብደት አስቡት። ተዋናይቷ በአንድ አካል ሁለት ሰው መሆን ነበረባት። ጩቤ የጨበጠችው ገዳይ በሕመምተኛዋ ውስጥ፣ ሕመምተኛዋም በገዳይዋ ውስጥ መታየት ነበረባቸው። ግሌንዳ ይህን በሚገባ ተወጣችው። ተውኔቱ በ1965 ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ ታየ፤ በ1967 ደግሞ በፊልም ወጣ። አርባ ዓመት እስኪሞላሽ ጠብቂ የተባለችው ተዋናይት ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ ሳለች ስሟ ባሕር ተሻገረ።

3. ፊልምና ቴሌቪዥን

የመድረክና የፊልም ትወና አንድ አይደለም። በመድረክ ላይ የተዋናዩ ድምፅ በመጨረሻው ረድፍ ለተቀመጠው ተመልካች መድረስ አለበት፤ የእጁም እንቅስቃሴ ከሩቅ የሚታይ መሆን ይገባዋል። የፊልም ካሜራ ግን ወደ ፊት ገጽ ስለሚቀርብ፣ የቅንድብ መነሣት እንኳ አንድ ዓረፍተ ነገር ያህል ይናገራል። ከዚህም ሌላ የመድረክ ተውኔት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተከታታይ ይታያል። ፊልም ግን በቁርጥራጭ ስለሚቀረጽ፣ ተዋናዩ የታሪኩን መጨረሻ በመጀመሪያው ቀን ሊጫወት ይችላል። በመሆኑም በአንዱ የተዋጣለት ሁሉ በሌላው ይዋጣለታል ማለት አይቻልም።

ግሌንዳ በሁለቱም ተሳካላት። በዲ. ኤች. ሎረንስ ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ በ1969 በወጣው «ዊመን ኢን ላቭ» በተባለው ፊልም፣ ጉድሩን የተባለችውን ነጻነቷን አጥብቃ የምትወድ ሴት ሆና ተጫወተች። ለዚህም በ1971 የኦስካር ሽልማት ተሰጣት። «ኤ ተች ኦቭ ክላስ» በተባለው አስቂኝ ፊልም ደግሞ በ1974 ሁለተኛውን ኦስካር አገኘች። በሁለቱም ጊዜ ሽልማቱ ሲሰጥ በአዳራሹ አልነበረችም። የሽልማቱን ሐውልቶች የምታስቀምጠው እናቷ ዘንድ ነበር። እርሳቸውም ዕቃን እያጸዱ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ ሲወለውሏቸው ሲወለውሏቸው ቅባቸው እየለቀቀ እንደሄደ ግሌንዳ ትናገር ነበር።

በቴሌቪዥን ከሠራቻቸው መካከል ስሟን ይበልጥ ያስጠራው በ1971 የታየው «ኤልዛቤት አር» ነው። በዚህ ባለ ስድስት ክፍል ድራማ የእንግሊዝን ንግሥት ቀዳማዊት ኤልዛቤትን ከወጣትነቷ እስከ ሞቷ ድረስ ተጫወተች። ንግሥቲቱ በሥዕሎቿ ላይ ግንባሯ ሰፊ ሆኖ ስለሚታይ፣ ግሌንዳ የፊት ጠጉሯን ተላጨች። በአሜሪካም ለዚህ ሥራዋ ሁለት የኤሚ ሽልማቶች ተሰጧት።

4. ከመድረክ ወደ ምክር ቤት

ግሌንዳ ዝናዋ ቢገንም ያደገችበትን ኑሮ አልረሳችም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአገሯ የተዘረጋው ማኅበራዊ አገልግሎት፣ በተለይም የነጻ ሕክምናው፣ እንደ እርሷ ላሉ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ታላቅ በር እንደከፈተ ታምን ነበር። በ1980ዎቹ ሥልጣን ላይ የነበረው የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ያን በር የሚዘጋ ሆኖ ታያት። በዚህም ምክንያት በሌበር ፓርቲ ስም ተወዳድራ፣ በ1992 በሰሜን ለንደን የሃምፕስቴድና የሃይጌት የምርጫ ክልል ተወካይ ሆነች። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ ሃምሳ አምስት ዓመት ነበር። ትወናውንም ፈጽማ ተወችው።

በምክር ቤት ሃያ ሦስት ዓመት ቆየች። ከ1997 እስከ 1999 በመጓጓዣ ጉዳይ በዝቅተኛ የሚኒስትርነት ማዕረግ አገለገለች። በ2003 የራሷ ፓርቲ መንግሥት ወደ ኢራቅ ጦርነት ሲገባ ተቃውሞዋን በግልጽ አሰማች። በ2010 ምርጫ ተፎካካሪዋን ያሸነፈችው በ42 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነው። ምክር ቤቱን ከትያትር ጋር ስታነጻጽርም፣ ልምምድ የጎደለው፣ መብራቱና የድምፁም ሁኔታ የማያረካ ተውኔት ነው እያለች ትቀልድ ነበር።

ይህ ምርጫዋ ዋጋ አላስከፈላትም ማለት አይደለም። አንዲት ተዋናይት ከሃምሳ አምስት እስከ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ባለው ዕድሜዋ ልትጫወት የምትችላቸው ሚናዎች ሁሉ ሳይታዩ ቀሩ። በሌላ በኩል ደግሞ በሚኒስትርነት የቆየችው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ «ትርፏ ይበልጣል ወይስ ጉዳቷ?» ብሎ መከራከር ይቻላል።

5. የሰማንያ ዓመቷ ንጉሥ

በ2015 ከምክር ቤት ተሰናበተች። ብዙዎች አሁን ታርፋለች ብለው ሲያስቡ፣ በ2016 በለንደን ኦልድ ቪክ ትያትር ቤት መድረክ ላይ ቆመች። የመረጠችውም ሚና ከሼክስፒር ተውኔቶች ሁሉ እጅግ ከባድ ከሚባሉት አንዱ የሆነውን ንጉሥ ሊርን ነው። ሊር መንግሥቱን ለሴቶች ልጆቹ አካፍሎ፣ በእነዚያው በልጆቹ ተገፍቶ በማዕበልና በዝናብ ውስጥ የሚንከራተት ሽማግሌ ነው። ሚናው ለወንድ የተጻፈ ነው። ግሌንዳ ግን ሰው እያረጀ ሲሄድ በወንድና በሴት መካከል ያለው ድንበር እየደበዘዘ ይሄዳል የሚል አስተያየት ነበራት። ከሃያ ዓመት በላይ መድረክ ያልረገጠች የሰማንያ ዓመት ሴት ያን ረጅም ቃለ ተውኔት በቃሏ ይዛ በየምሽቱ ተወጣችው።

ከዚያ በኋላም አላረፈችም። በ2018 በኒው ዮርክ «ስሪ ቶል ዊመን» በተባለው ተውኔት ላሳየችው ችሎታ የቶኒ ሽልማት ተሰጣት። በ2019 ደግሞ «ኤልዛቤት ኢዝ ሚሲንግ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ፣ የማስታወስ ችሎታዋ እየከዳት የጠፋች ጓደኛዋን የምትፈልግ አሮጊት ሆና ተጫወተች፤ በዚህም በ2020 የባፍታን ሽልማት አገኘች። ከማይክል ኬን ጋር የሠራችው የመጨረሻ ፊልሟ «ዘ ግሬት ኤስኬፐር» ለሕዝብ የታየው ካረፈች በኋላ ነው። ግሌንዳ ጃክሰን ጁን 15 ቀን 2023 በተወለደች በሰማንያ ሰባት ዓመቷ በለንደን አረፈች።

አሁን በመግቢያው ላይ ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። ግሌንዳ መድረኩን ስትተወው ንቃው አልነበረም፤ ስትመለስበትም ዝና ፈልጋ ነው ለማለት ያስቸግራል። ዝናውን አስቀድማ ይዛዋለችና። በመድኃኒት መደብር፣ በትንሽ ከተማ ትያትር፣ በፊልም፣ በምክር ቤትና በሊር ዘውድ ሥር የምናገኘው አንድ ነገር ሥራ ነው። ግንበኛ ግንቡን ሠርቶ ሲጨርስ መሣሪያውን ይዞ ወደሚቀጥለው ሥራ እንደሚሄድ፣ ልጃቸውም እንዲሁ አደረገች። ፈትሉ ይህ ነው ብላችሁ ካልተስማማችሁ፣ ሌላ ፈትል ፈልጋችሁ በማስረጃ አስደግፉ።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. የአካዳሚው ኃላፊ ለግሌንዳ የነገሯት ምን ነበር? በኋላ የደረሰው ነገርስ ቃላቸውን ያጸናል ወይስ ያፈርሳል?
2. በመድረክና በፊልም ትወና መካከል ያሉትን ሁለት ልዩነቶች ግለጹ።
3. ግሌንዳ ወደ ምክር ቤት እንድትገባ ያነሣሣት ምክንያት ምንድን ነው?

ለ. ለሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍቺ ስጡ፦ ፈትል፣ ይደጉሙ፣ ጓድ፣ ቃለ ተውኔት፣ ትካዜ።

ሐ. «ዝናዋ ቢገንም ያደገችበትን ኑሮ አልረሳችም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስብስብ ዓረፍተ ነገር ነው። «ቢገንም» ያለበት ሐረግ ለዋናው ሐሳብ እንቅፋት ሊሆን ይችል የነበረውን ነገር ያመለክታል። በዚህ ዓይነት አምስት ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ።

መ. በአካባቢያችሁ በሥራቸው የታወቁ አንድ ሰው መርጣችሁ የሕይወት ታሪካቸውን በአራት አንቀጽ ጻፉ። ከመጀመራችሁ በፊት ፈትሉ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሩ።