የልጅ ማዘያ ስትገዙ ከቀለሙ በፊት መቀመጫውን እዩ

ሰባት ኪሎ ስኳር በፌስታል አንጠልጥሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው አላየሁም። የስድስት ወር ሕፃን ግን ከ7 እስከ 8 ኪሎ ይመዝናል፤ እኛም ይህንኑ ክብደት ይዘን ለክትባት እንሄዳለን፣ ገበያ እንወጣለን፣ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ እንወጣለን። የሕፃን ጋሪ መፍትሔ የሚመስለው የእግረኛ መንገዳችንን እስክናስታውስ ድረስ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ጥሩ ማዘያ መምረጥ ጊዜ ቢሰጡት የማያስቆጭ ጉዳይ ነው።

እኔና ባለቤቴ ለልጃችን ማዘያ ስንፈልግ በርካታ ሱቆች ገብተናል። ሻጮቹ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ኪሶቹ ብዛትና ከየት አገር እንደመጣ አስረዱን። ልጅቷ ምኗ ላይ እንደምትቀመጥ የነገረን ግን አልነበረም። በእኔ አስተያየት ምርጫው የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ የልጁ ክብደት የት ላይ ያርፋል? የተሸካሚውስ?

በየሱቁ ተሰቅለው ከሚታዩት ርካሽ ማዘያዎች ብዙዎቹ በልጁ እግሮች መሀል የምታልፍ ጠባብ ጨርቅ ያላቸው ናቸው። ልጁ ሲገባባቸው ክብደቱ በእግሮቹ መሀል ያርፍና እግሮቹ ቀጥ ብለው ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሕፃን የዳሌ መገጣጠሚያ ገና ያልጠነከረ ነው። የጭኑ አጥንት ክብ ራስ በጎድጓዳ ማረፊያው ውስጥ በደንብ ተቀምጦ እንዲያድግ ጭኖቹ ከፈት፣ ጉልበቶቹም ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ቢሉ ይመረጣል። ከፊት ሲታይ የእንቁራሪት አቀማመጥ ይመስላል። በዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፉ የሂፕ ዲስፕላዥያ ኢንስቲትዩት የሚመክረውም ይህንኑ ነው። ሱቅ ውስጥ ለማረጋገጥ ልጁን አስቀምጡትና ጨርቁ ከአንዱ ጉልበት ማጠፊያ እስከ ሌላው ደርሶ ጭኖቹን መሸከሙን ተመልከቱ።

ይህን ስል ጠባብ ማዘያ የተጠቀመ ሁሉ ልጁን ጎዳ ማለቴ አይደለም። ጤነኛ መገጣጠሚያ ያለው ልጅ ለአጭር ጊዜ ቢያዝበት የሚያሰጋ አይሆንም። በመቀመጫው በኩል የመጣ፣ ወይም በቤተሰቡ የዳሌ ችግር ያለበት ሕፃን ሲሆን ግን መጠንቀቅ፣ ሐኪምንም ማማከር ያስፈልጋል።

የእናቶቻችን አንቀልባ ይህን ጥያቄ ድሮውኑ መልሶታል። ከለፋ ቆዳ ተሠርቶ በዛጎልና በዶቃ የሚያጌጠው አንቀልባ ሕፃኑን ከነመቀመጫው ደግፎ ከእናቱ ጀርባ ጋር ያጣብቀዋል፤ ጭኖቹም ተከፍተው ጎኖቿን ያቅፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በጆርናል ኦፍ ፔዲያትሪክ ኦርቶፔዲክስ የወጣ ጽሑፍ በማላዊ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር እጅግ ጥቂት መሆኑን ጠቅሶ፣ ጀርባ ላይ ማዘል አንዱ ምክንያት ሳይሆን እንደማይቀር አመልክቷል። በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ማዘያዎች አንዱ የሆነው ስናግሊም የመጣው ከዚሁ አህጉር ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፒስ ኮር ሥር ቶጎ ያገለገለችው ነርስ አን ሙር የአገሩ እናቶች ሲያዝሉ አይታ፣ አገሯ ስትመለስ ሐሳቡን ወደ ማዘያነት ለወጠችው። እኛ ደግሞ በአንቀልባ ታዝለን አድገን የባሕር ማዶውን በውድ ዋጋ እንገዛለን!

ከዳሌው ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ትንፋሽ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን፣ በቀደሙት 20 ዓመታት ስሊንግ ከሚባሉት በትከሻ የሚንጠለጠሉ የጨርቅ ማዘያዎች ጋር የተያያዙ ቢያንስ 14 የሕፃናት ሞቶች መመዝገባቸውን ገልጾ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከእነዚህ 12ቱ ከአራት ወር በታች የነበሩ ናቸው። በዚያው ወር አንድ አምራች 1 ሚሊዮን ገደማ ስሊንጎችን ከገበያ ሰበሰበ። አደጋው የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። ወይ የልጁ አፍና አፍንጫ በጨርቁ ወይም በአዛዩ ሰውነት ይታፈናል፤ ወይ ደግሞ ልጁ እንደ ከረጢት በሆነው ጨርቅ ውስጥ ተጣጥፎ አገጩ ደረቱ ላይ ይለጠፍና የአየር ቧንቧው ይጠባል። አንገቱን መቆጣጠር የማይችል ሕፃን ራሱን ቀና አያደርግም፤ አያለቅስምም። ድምፅ ሳያሰማ ነው ችግሩ የሚደርሰው።

ስለዚህ ልጁ ቀጥ ብሎ፣ ደረታችሁ ላይ ጠበቅ ብሎ ይያዝ። ጎንበስ ስትሉ ግንባሩን መሳም መቻል አለባችሁ። በአገጩና በደረቱ መካከል ቢያንስ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ፊቱ ሁልጊዜ ይታይ። እዚህ ላይ ከእኛ ልማድ ጋር እንጋጫለን፤ ብርድ እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳያርፍበት እያልን ነጠላ ደራርበን ፊቱን እንሸፍናለን። አያቶች ቢቆጡም ፊቱን ክፍት መተው ይሻላል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። እናት ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑ ሦስት ወሩ ነው ማለት ነው፤ ማዘያው ከእጇ ወጥቶ ወደ አያት ወይም ወደ ሞግዚት የሚተላለፈው ልጁ ለትንፋሽ ችግር በሚጋለጥበት ዕድሜ ላይ ነው። አዲስ ማዘያ ስትገዙ ቀን የሚጠቀምበትን ሰው ቁጭ አድርጋችሁ፣ ማሰሪያውን ራሱ እንዲያስርና እንዲፈታ እያደረጋችሁ አሳዩት። ወገቧን በነጠላ አጥብቃ ስታዝል የኖረች ሴት ዘመናዊውን ማሰሪያ ታውቀዋለች ብሎ መገመት አይገባም።

የአዛዩን ሰውነት በተመለከተ ደግሞ ሰፊ የወገብ ቀበቶ ያለው ይመረጣል። ቀበቶው ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ ሲያርፍ ክብደቱን ከትከሻ ያወርደዋል። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ቀበቶው ቁስሏን እንዳይጫን መሞከር አለባት፤ ሐኪሟ ሳይፈቅድላትም ባትጀምር ጥሩ ነው። ባለቤቴ ከእኔ አንድ ራስ ታጥራለችና ማሰሪያው ለሁለታችንም የሚስተካከል ባይሆን ኖሮ አባት ከማዘል ነፃ በወጣ ነበር። ልጁን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፣ እዚያው 15 ደቂቃ አዝላችሁ ቁሙ። ወደ ኋላ ለጠጥ ብላችሁ የምትቆሙ ከሆነ ልጁ በጣም ዝቅ ብሏል ወይም ላልቷል።

«እቅፍ ታስለምዱታላችሁ» የሚሉ ጎረቤቶች አይጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1986 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የካናዳ ጥናት ግን፣ ተጨማሪ ጊዜ የታቀፉ ሕፃናት በስድስት ሳምንታቸው በቀን የሚያለቅሱበት ጊዜ በ43 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ቤታችን ውስጥ ይህን አኃዝ ለአክስቴ ነግሬያት «እኛ ያለ ጥናት አዝለናችኋል» ብላኛለች።

ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ መያዝ አንገቱ እስኪጠነክር መቆየት አለበት፤ ለረጅም ሰዓትም አይመከርም። ድሬዳዋን ለመሰሉ ሞቃት ከተሞች ወንፊት መሰል ጨርቅ ወይም ስስ ጥጥ ይሻላል፤ ማዘያው ራሱ እንደ አንድ ልብስ ይቆጠራልና። ቡና ስትቆሉ፣ ከሰል ስታያይዙ ልጁን አውርዱ። መኪና ውስጥ ማዘያ የሕፃን መቀመጫን አይተካም፤ በግጭት ጊዜ አያድንም። ከሌላ ቤተሰብ የተላለፈ ከሆነ ደግሞ ስፌቱን በጣታችሁ እየጎተታችሁ፣ መቆለፊያውን አሥር ጊዜ እየከፈታችሁና እየዘጋችሁ ፈትሹት፤ የተሰነጠቀ መቆለፊያ ካለው የልብስ ሰፊ ጥገና አያስተማምንም።