አንድ ቀን በቢልባኦ ከተማ፤ የታየውና ያልታየው





እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ እስፓኝ አገር ሳስተምር በየዓመቱ የምደጋግመው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረኝ፤ ይኸውም «ቢልባኦ በሰሜን እስፓኝ የምትገኝ፣ ብረት የሚቀልጥባትና መርከብ የሚሠራባት ከተማ ናት» የሚል ነው። ይህንንም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ በቃሌ ያጠናሁት ነው። መምህራችን በቃሉ መመለስ ያቃተውን ልጅ ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ ያቆሙት ስለ ነበር፣ ቃሉ ከአእምሮዬ ሳይወጣ ኖረ። ባለፈው ጥቅምት ወር ግን ከተማዪቱን ለአንድ ቀን በዓይኔ አይቼ፣ ለተማሪዎቼ ያለፈውን ዘመን እንደ ዛሬ አድርጌ ሳስተምር መኖሬን ተረዳሁ። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመምህራን በተሰጠ አጭር ትምህርት ምክንያት ማድሪድ ሰንብቼ ነበር። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ አውሮፕላናችን እስኪነሣ ሁለት ቀን ተረፈን። ባልንጀሮቼ ለዘመድ ወዳጅ ስጦታ ፍለጋ ገበያ ለገበያ ሲዞሩ፣ እኔ እሑድ ሌሊት አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ሰሜን ተጓዝኩ። ለአልጋ የምከፍለው ብዙ ገንዘብ ስላልነበረኝ፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ውስጥ ተኝቼ፣ ቀኑን በእግሬ ዞሬ፣ ማታ ተመልሼ ለመሳፈር ቆርጬ ነበር። ሰኞ ገና ሳይነጋ ከምድር በታች በተሠራ የአውቶቡስ ጣቢያ ወረድኩ።

ከጣቢያው ወጥቼ ቁልቁል ጥቂት እንደ ተራመድኩ ኔርቪዮን የሚባለውን ወንዝ አገኘሁት። ቢልባኦ ከባሕር ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ የገባች ከተማ ስትሆን፣ ባሕሩ ሲሞላ የወንዙ ውሃ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ሲጎድልም ተከትሎ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት መርከቦች እስከ ከተማው እምብርት ድረስ ይገቡ ነበር። በ1300 ዶን ዲዬጎ ሎፔዝ ዴ አሮ የተባለው መኰንን ከተማዪቱን ሲቆረቁራት ቦታውን የመረጠበት ምክንያት ይኸው ወንዝ ነው። ኋላም በዙሪያው ካሉት ተራሮች የሚቆፈረው የብረት ማዕድን ከዚህ ወንዝ ጋር ተባብሮ ከተማዪቱን ባለጸጋ አደረጋት።

ብርሃን ሲገለጥ በወንዙ ዳር ያየሁት የመጀመሪያ ነገር አንድ ትልቅ ቀይ ክሬን ነው። «ካሮላ» ይሉታል። ዙሪያውን ብመለከት የሚያነሣው ሸክም የለም። ለካስ ቦታው ኤውስካልዱና የተባለው የመርከብ መሥሪያ የነበረበት ሲሆን፣ መሥሪያው በ1988 ተዘግቷል። ክሬኑን ለመታሰቢያ አስቀርተው በአጠገቡ ስለ ባሕር ነገር የሚያስረዳ ቤተ መዘክር በ2003 ከፍተዋል። ከዚያው አጠገብ በ1999 የተመረቀ የስብሰባና የሙዚቃ አዳራሽ ቆሟል፤ አሠራሩ ሥራው ያላለቀ መርከብ እንዲመስል ሆኖ፣ የለበሰውም ብረት ሆን ተብሎ የዛገ ነው። በቃሌ ካጠናሁት ዐረፍተ ነገር ግማሹ በዚያ ቦታ ላይ ወደቀ።

የወንዙን ዳር ይዤ ሩብ ሰዓት ያህል ስሄድ የመጣሁለት ሕንፃ ብቅ አለ። ይህም በ1997 የተከፈተው ጉገንሃይም የተባለው የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ነው። ንድፉን ያወጣው ፍራንክ ጌሪ ሲሆን፣ ግድግዳው ቲታኒየም በሚባል ብረት ስሶች ስለ ተሸፈነ የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። ደመና ሲያልፍ ይጠቁራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ወርቅ ይመስላል። በወንዙ በኩል ዘጠኝ ሜትር ያህል ቁመት ያላት የነሐስ ሸረሪት ቆማለች፤ በመግቢያው በኩል ደግሞ ዐሥራ ሁለት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ሰውነቱ በሙሉ አበባ የተተከለበት ውሻ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ከውጭ አየሁ፤ ከውጭ አየሁ ማለቴም በሩ ተዘግቶ ስለ ነበር ነው። በዚያ ወቅት ሰኞ ሰኞ አይከፈትም። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤተ መዘክሩ አይደለም፤ ተማሪዎቼን «ጥያቄውን ሳታነቡ አትመልሱ» እያልኩ ስቈጣ የምኖር ሰው፣ ያን ያህል መንገድ ስሄድ የሚከፈትበትን ቀን አስቀድሜ አላነበብኩም።

እጅግ አዝኜ በወንዙ ዳር ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው ኖሮ፣ ልጅቱ የኮሌጅ ተማሪ ስለ ሆነች በእንግሊዝኛ ከየት እንደ መጣሁ ጠየቀችኝ። ከኢትዮጵያ መሆኔን፣ መምህርም መሆኔን፣ የተዘጋ በር ለማየት ከማድሪድ መምጣቴን ስነግራት ሳቀችና ለአያቷ ተረጐመችላቸው። እርሳቸውም ሳቁና፣ «በሩ መዘጋቱ ለመልካም ነው፤ ክፍት ቢሆን ኖሮ ውሃውን ሳታይ ትገባ ነበር» አሉኝ።

ሽማግሌው በዚያው በተዘጋው መርከብ መሥሪያ ብረት በያጅ ነበሩ። በ1980ዎቹ ዓመታት መሥሪያ ቤቱም፣ ፋብሪካውም በየተራ ሲዘጋ በአካባቢው ከአራት ሠራተኛ አንዱ ያህል ሥራ ፈት የነበረበትን ጊዜ አጫወቱኝ። የእርሳቸውም የበኩር ልጅ እንጀራ ፍለጋ አገር ጥሎ ሄዶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። «አባቴ ሆይ፣ ታዲያ ይህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ ደስ ይልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ልጄን አልመለሰልኝም። ነገር ግን ሰው ሁሉ እዚህ መጥቶ ሕንፃውን ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ውሃውን ግን የሚያሸት የለም። እኔ በየማለዳው ወርጄ አሸትተዋለሁ። በእኛ ጊዜ በዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ አይቻልም ነበር» አሉኝ።

እኔም ጐንበስ ብዬ አሸተትኩ። ትንሽ የባሕር ጨው ሽታ ካልሆነ በቀር ምንም አልነበረም።

ክቡራን አንባብያን፣ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የከተማው ሕዝብ እዳሪና የፋብሪካዎቹ ዝቃጭ ለብዙ ዘመን በቀጥታ ወደዚህ ወንዝ ይፈስ ስለ ነበር፣ በውሃው ውስጥ በብዙ ቦታ ዓሣ የሚተነፍሰው አየር እንኳ አልቆ ነበር። በ1979 የከተማዪቱንና የአጎራባቾቿን ፍሳሽ በሙሉ በቱቦ ሰብስቦ ለማጣራት ዕቅድ ወጣ። በወንዙ ግራና ቀኝ ትላልቅ ቱቦዎች ተቀበሩ፤ በ1990 ጋሊንዶ በሚባለው ስፍራ ማጣሪያው ሥራ ጀመረ፤ በኋላም እየተስፋፋ ሄደ። ለዚህ የወጣው ገንዘብ ቤተ መዘክሩን ለመሥራት ከወጣው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቀኖቹን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ የቱቦው ዕቅድ የወጣው ያ የሚያብለጨልጭ ሕንፃ ከመከፈቱ ዐሥራ ስምንት ዓመት በፊት ነው። ዛሬ ዓሣው ተመልሷል። እኔ ከማድሪድ ድረስ የሄድኩት የሚታየውን ለማየት ሲሆን፣ የሚታየውን ያቆመው ግን ከምድር በታች የተቀበረው ነው።

ሽማግሌውን እጅ ነሥቼ ወደ አሮጌው ከተማ አመራሁ። በ1890 የተከፈተውን የአሪያጋን ቲያትር አልፌ «ሰባቱ መንገዶች» ወደሚባለው ሰፈር ገባሁ። ጎዳናዎቹ ጠባቦች ናቸው፤ ስማቸውም በእስፓኝኛና በባስክ ቋንቋ ተጽፏል። የባስክ ቋንቋ ከጎረቤቶቹ ቋንቋዎች ከአንዱም ጋር የማይዛመድ ነው። በመካከሉ የቅዱስ ያዕቆብ ካቴድራል አለ፤ በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ሳንቲያጎ የሚሄዱ ተሳላሚዎች ዱላቸውንና ጓዛቸውን ይዘው እስከ ዛሬ ያልፉበታል። በዚሁ ሰፈር ነሐሴ ላይ፣ በ26 ኦገስት 1983 ወንዙ ሞልቶ ሱቆቹን ከሰው ቁመት በላይ አጥለቅልቋቸው ነበር። ወንዝ የናቀውን ሰው እንዴት እንደሚጐበኝ ያን ጊዜ የከተማው ሰው ሁሉ አየ። በ1929 ከተሠራው ከሪቤራ የገበያ አዳራሽ አጠገብ ቆሜ ምሳዬን በላሁ፤ ይኸውም «ፒንቾ» የሚሉት፣ በቁራሽ ዳቦ ላይ ዓሣ ወይም እንቁላል ተደርጎ በስንጥር የሚወጋ ምግብ ነው። ሦስት ፒንቾና አንድ ቡና ለእንደ እኔ ያለ ሰው ይበቃል።

ከሰዓት በኋላ በ1995 በተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡር ወደ ባሕሩ በኩል ተጓዝኩ። የጣቢያዎቹን ንድፍ ያወጣው ኖርማን ፎስተር ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ የመስተዋት መግቢያዎቹን «ፎስተሪቶ» ይላቸዋል። አሬታ በሚባለው ጣቢያ ወርጄ ዝነኛውን የቢዝካያ ድልድይ አየሁ። ይህ ድልድይ በ1893 ሲመረቅ በዓለም ላይ የዓይነቱ መጀመሪያ ነበር። ሰው የሚሄድበት መንገድ በውሃው ላይ ቢዘረጋ መርከብ ማለፊያ ያጣልና፣ መሐንዲሱ አልቤርቶ ዴ ፓላሲዮ በአርባ አምስት ሜትር ከፍታ ላይ የብረት አግዳሚ አቆመ፤ ከአግዳሚውም ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ሳጥን አበጀ። ሳጥኑ መኪናና ሰው ጭኖ መቶ ስድሳ ሜትሩን ወንዝ በሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ያሻግራል። በእስፓኝ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በ1937 አግዳሚው ፈርሶ በ1941 እንደገና ተሠራ፤ በ2006 ዩኔስኮ ከዓለም ቅርሶች መዝገብ አስገባው። እኔ ከአንድ ዩሮ በታች ከፍዬ፣ ከሥራ ከሚመለሱ ሴቶችና ብስክሌት ከያዙ ልጆች ጋር ተሻገርኩ። ለእነርሱ ቅርስ ሳይሆን ወደ ቤት መግቢያ ነው።

በማዶው በኩል ወደ ሴስታኦ ዘልቄ፣ ከብረት ማቅለጫዎቹ ለመታሰቢያ የቀረውን አንዱን ምድጃ አየሁ። ታላቁ የብረት ፋብሪካ የተዘጋው በ1996 ነው፤ ቤተ መዘክሩ ሊከፈት አንድ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። ከዐረፍተ ነገሬ የቀረው ግማሽም እዚያ ወደቀ።

ሲመሻሽ ወደ ከተማው ተመልሼ፣ ከ1915 ጀምሮ በሚሠራው በገመድ በሚሳብ ባቡር አርቻንዳ ወደሚባለው ኮረብታ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ስመለከት መብራቱ ወንዙን ተከትሎ እስከ ባሕሩ ይወርዳል። ቤተ መዘክሩ ከዚያ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ወንዙ ግን ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ሌሊት አውቶቡሴን ተሳፍሬ ተመለስኩ።

አገሬ ገብቼ ክፍል እንደ ገባሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ያስተማርኩትን ማረም ሆነ። ለተማሪዎቼ «ቢልባኦ ብረት ይቀልጥባትና መርከብ ይሠራባት የነበረች፣ ሥራዋን ባጣች ጊዜ ወንዟን ያጠበች ከተማ ናት» ብዬ አስጻፍኳቸው። የሽማግሌውንም ነገር ነገርኳቸው። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አንሥታ፣ «መምህር፣ የእኛንስ ወንዝ ማን ያሸተዋል?» አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። ወደ ትምህርት ቤታችን ሲመጡ የሚሻገሩት ድልድይ አለ፤ እዚያ ሲደርሱ አፍንጫቸውን ይዘው እንደሚሮጡ አውቃለሁ።

በእነዚህ ዓመታት በአዲስ አበባ ወንዞች ዳር የእግር መንገድና መናፈሻ ሲሠራ እናያለን፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። ዳሩ ግን አበባው ከተተከለ በኋላም እዳሪው ወደ ውሃው መፍሰሱን ካልተወ፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥበት አይገኝም። ቱቦ ሪባን አይቈረጥለትም፤ ፎቶግራፍም አያምርበትም። በ1979 ያንን ዕቅድ ያረቀቁት፣ ቁጥሩን የደመሩት፣ ፋይሉን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ያደረሱት ጸሐፊዎችና መሐንዲሶች ስማቸው ለእንግዳ በሚሸጠው ፖስታ ካርድ ላይ የለም። ጡረታ ወጥተው የሞቱም ይኖሩባቸዋል። ሽማግሌው በየማለዳው የሚያሸቱት ግን የእነርሱን ሥራ ነው።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የምትሠሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስለ ፍሳሽና ስለ ቱቦ የሚናገር ፋይል በእጃችሁ የገባ እንደ ሆነ፣ ከሥር አታስቀምጡት ብዬ በትሕትና እለምናለሁ። የክፍሌ ልጆች መልስ ይጠብቃሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የጂኦግራፊ መምህር
ከአዲስ አበባ